ያልከፈትነው ሳጥን

ጌም ማጫወቻው የእኔ የሆነው ካርቱም ውስጥ፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈር ከምሠራበት ቤት ነው። ለቤቱ ልጆች አዲስ ሲገዛላቸው አሮጌው ከአልጋ ሥር አቧራ ሲጠጣ ከረመና፣ እመቤቲቱ አንድ ቀን «ውሰጂው፣ ላንቺ ይሁን» አለችኝ። እኔ ግን እጄን ወደ ኋላዬ አድርጌ «ለገፊሩ ይንገሩልኝ» አልኳት። ገፊር የምንለው የግቢውን ዘበኛ ነው። ያበድኩ ሳይመስላት አልቀረም፤ እየሳቀች ወጥታ በሩ ላይ ለተቀመጠው ሽማግሌ «ይህን ዕቃ የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለችው። እሱም «ሰምቻለሁ» አለ። ከዚያ በኋላ ነው ዕቃውን በሻሽ ጠቅልዬ የወጣሁት።

ይሄ ጥንቃቄ የእኔ ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን ካርቱም ውስጥ ሰው ቤት የምንሠራ ሴቶች ሁሉ፣ ከምግቡም ከቋንቋውም በፊት የምንማረው እሱን ነበር። የተሰጠሽን በምስክር ተቀበይ፤ ያልተሰጠሽን አትንኪ፤ የሰው ሳጥንና ዱላብ (ቁም ሣጥን) ደግሞ ባለቤቱ ቆሞ ካላየሽ በስተቀር፣ ክፈቺ ብትባዪም አትክፈቺ። ወርቅ በጠፋ ዕለት መጀመሪያ የሚፈተሸው የማን ሻንጣ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? እኛ ሲበዛ እንጠረጥር ነበር።

የዕረፍት ቀናችን ጁምዓ ነው። በሳምንት አንድ ቀን እንኳ የራሳችን ቤት እንዲኖረን ብለን ቡሪ ሰፈር ውስጥ ከአንዲት ሱዳናዊት መበለት ግቢ አንድ ክፍል በጋራ ተከራይተናል። የወሎ ሴቶች እንበዛለን፤ ማተብ ያሰሩ የጎንደር ልጆችም አሉ። የምትሰግደው ትሰግዳለች፣ የቀረችው ጸጉሯን ትሠራለች፣ የደከማት ጥግ ይዛ ትተኛለች። ማጫወቻውን ይዤ የገባሁ ዕለት «ደግሞ የሕፃን መጫወቻ አመጣሽልን?» ብለው ተሳለቁብኝ። ብዙም ሳይቆይ እነዚያው ተሳላቂዎች በጆይስቲክ ተራ ይጣሉ ጀመር።

የምንጫወተው በወንፈል ነበር፣ ልክ እንደ አገር ቤት አጨዳ። አንዷ እስክትሸነፍ ትጫወታለች፤ ስትሸነፍ ለቀጣይዋ ታቀብላለች፤ የቀረነው እንደ ሠርግ ቤት እንጮሃለን። ሳምንቱን ሙሉ «ነዓም» እና «ሓድር»፣ አዎና እሺ ብቻ ሲል ለከረመ አፍ እንዲያ መጮህ እንዴት እንደሚጥም ያልቀመሰው አያውቀውም።

የመጀመሪያው ሲዲያችን ስለ አንድ ጎራዴ ታጣቂ ነበር። ስንት ጁምዓ ታግለን የመጨረሻውን አውሬ ጣልነውና እልል አልን። እልልታችን ሳያልቅ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፤ ጨዋታውም ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመለሰ። ሰውየው አገሩ ገባ? ሚስቱን አገኘ? ምንም የለም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይኸው ነው። ሴቶቹ ማጫወቻው ተበላሸ ብለው አዘኑ፤ እኔ ግን ተናደድኩ፤ ስናደድ ደግሞ መቀመጥ አልችልም።

ሲዲውን የሸጠልን ሰውዬ ሱቁ ኦምዱርማን ገበያ ውስጥ ነው። ከጁምዓ ሰላት በኋላ ሲከፍት እንድደርስ ሐፍላ የሚሉትን አውቶቡስ ተሳፍሬ ድልድዩን ተሻገርኩ። መነጽር ያደረገ፣ ሻይ ከእጁ የማይለይ፣ ወፍራም ሰው ነው። ነገሩን ስነግረው አልደነቀውም።

«ኮፒ የሚያደርጉት ሰዎች መጨረሻ ላይ ያለውን ፊልም ቆርጠው ያወጡታል» አለኝ። «አለዚያ በአንድ ሲዲ አይገባላቸውም። ማዕሌሽ፣ ያ ሐበሺያ። ሁሉም ሰው የሚገዛው እንደዚሁ ነው።»

«እኔ የገዛሁት ጨዋታ ነው። መጨረሻውን አስቀርተህ ስጠኝ ብዬሃለሁ?»

«ሁሉም ሰው ዝም ይላል እኮ።»

«እኔ ሁሉም ሰው አይደለሁም።»

ብዬ በሩ ላይ ቆምኩ። ለሚገባው ደንበኛ ሁሉ፣ በዚያች በተሰባበረች ዐረብኛዬ፣ «እዚህ ቤት የሚሸጠው መጨረሻው የተቆረጠ ነው፤ ጠይቃችሁ ግዙ» እላለሁ። መጀመሪያ ሳቀ፤ ቀጥሎ ጮኸ፤ ቀጥሎ ሻይ አቀረበልኝ። ሻዩን ጠጥቼ እዚያው ቆምኩ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው የእኔ ነገር። በመጨረሻ ከባንኮኒው ሥር የሌላ ጨዋታ ሲዲ አውጥቶ «ይሄ ያልተቆረጠ ነው፣ ወላሂ፤ ፊልሙ ሁሉ አለበት፤ ያላ ሂጂልኝ» አለና ለወጠልኝ።

ኦሪጂናል የሚባለውን እኛ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። የሠሩት ሰዎች በየትኛው አገር እንደሚኖሩም አናውቅ፤ እነሱም ቡሪ የሚባል ቦታ መኖሩን የሚያውቁ አይመስለኝም። ቢሆንም የሚጠበቅባቸው ነገር አለ ብዬ አምን ነበር፤ ዛሬም አምናለሁ። ተጫዋች ጊዜውን ሰጥቷል። ጀምር ያልከውን ሰው መጨረሻውን ልትነፍገው አይገባም። ዓመታት አልፈው፣ በሠራሁበት በሌላ ቤት፣ ልጆቹ አዲስ ጨዋታ ገዝተው የመጨረሻው ክፍል ለብቻው እንደሚሸጥ ሲያውቁ ሲበሳጩ ሰማሁ። ድሮ የሚቆርጠው ኮፒ አድራጊው ነበር፤ አሁን ባለቤቱ ራሱ ቆርጦ ቁራጩን መልሶ ይሸጣል ማለት ነው። ልጆቹን «ዝም አትበሉ» ብዬ መከርኳቸው፤ እናታቸው ግን ምክሬን አልወደደችውም።

የተለወጠልን ሲዲ ስለ አንዲት ትንሽ ልጅ ነበር። ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነው፤ ከመካከላችን የሚያነብ የለም። መግቢያው ላይ ያለው ፊልም ግን ቃል አያሻውም፤ እናትየዋን በጭጋግ ውስጥ በመርከብ ይወስዷታል፣ ልጅቱ በር ላይ ቆማ ትቀራለች። ከዚያ ዱላዋን ይዛ መንደር ለመንደር እናቷን ፍለጋ ትዞራለች።

ከመካከላችን በዕድሜ የምትበልጠንን ሴት «እታለም» እንላት ነበር፤ በእኛ አገር ታላቅ እህት የምትጠራበት ነው። እታለም ያን ፊልም አይታ «እስቲ መልሺው» አለችኝ። መለስኩላት። ደግማ አስመለሰችኝ። እሷም ልጅ በር ላይ አቁማ ነው የመጣችው፤ ያቺ ልጅ አሁን ለአቅመ ሔዋን ደርሳለች፣ ድምፅዋን የምታውቀው በካሴት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የጨዋታው እመቤት እታለም ሆነች። ሌሎቻችን ስንጫወት ሳይቀር «በዚያ በኩል አታውጫት፣ ይመሽባታል» እያለች ታዘን ነበር።

በዚሁ መሃል እታለም የምትሠራበት ቤት አምባር ጠፋ። ቤቱ እኔ ከምሠራበት ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ሻንጣዋን ግቢ አውጥተው፣ ጎረቤት እያየ፣ ልብሷን አንድ በአንድ እያራገፉ ፈተሹት። ምንም አልተገኘባትም፤ ግን አባረሯት። ከጊዜ በኋላ አምባሩ ከልብስ ሰፊ በተመለሰ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ተገኘ። ይህንን የነገረኝ የዚያው ቤት ገፊር ነው፣ ዳቦ ልገዛ ሳልፍ ጠርቶ። እኔም ለእሷ ነገርኳት፤ ከባለቤቶቹ ግን ማንም ጠርቶ ተገኝቷል አላላትም። ሪያድ ውስጥ ስሟ ሌባ ሆኖ ቀረ፤ ሥራ በጠየቀችበት ቤት ሁሉ ወሬው ቀድሟት ይጠብቃታል። ስለዚህ ወደ ወሎ ለመመለስ ቆረጠች። የሚያስጨንቃት መንገዱ አልነበረም። «ወሬ እኮ ከአውቶቡስ ይቀድማል» ትለኝ ነበር። «ልጄ ፊት ሌባ ሆኜ ልቁም?»

ስለ ጉዞዋ ስንጠይቃት ግን በቀልድ ታልፈዋለች። «ይቺ ልጅ እናቷን ሳታገኝ አልሄድም» ትላለች፣ ጆይስቲኩን እያነሳች።

ችግሩ ልጅቱ መንገድ ላይ ቀርታለች። የመጨረሻው መንደር ዳር ትልቅ የብረት በር አለ፤ ተቆልፏል። ዘበኛው ስናናግረው ራሱን ይነቀንቃል። ዞርን፣ ተመለስን፣ የመንደሩን ሰው ሁሉ አናገርን፣ ከጉድጓድ እስከ ዛፍ ፈተሽን። ጁምዓዎቹ አለቁ፤ እታለም የምትሄድበት ሳምንት ተቆረጠ፤ የቀረን የዚያን ቀኑና የሚቀጥለው ጁምዓ ብቻ ነበር። እኔ አንድ ነገር ገባኝ፤ ባለሱቁ ዳግመኛ የተቆረጠ ሸጦልናል! ሲዲውንና ጨዋታችን የተቀመጠባትን ሚሞሪ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ኦምዱርማን ወረድኩ። መንገዱን ሙሉ የምሰድበውን ስድብ ሳዘጋጅ ሄድኩ።

ገና ከበር ሲያየኝ «ያ ሰላም!» አለና ሻይ አዘዘ። ሲዲውንና ሚሞሪዋን በራሱ ማጫወቻ ውስጥ ከተተ፤ ልጅቱን ዘበኛው ፊት አገኛት።

«ቁልፉስ?» አለኝ።

«የምን ቁልፍ?»

መልስ ሳይሰጠኝ ልጅቱን ይዞ ኮረብታው ላይ ወዳለው ቤት ገባ። ቤቱን እናውቀዋለን፤ አንዲት ሴት ተቀምጣ ልብስ ትሰፋበታለች፣ ጥግ ላይ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሰውዬው ሴትየዋን እንኳን ሰላም ሳይል ቀጥ ብሎ ሳጥኑን ከፈተው!

«ምን ታደርጋለህ?» ብዬ ጮህኩ።

«ሱንዱቁን እከፍታለሁ።»

«የማን ሳጥን ነው?»

«የማንም። ጨዋታ ነው እኮ፣ ያ ሐበሺያ። ቁልፉ እዚህ ውስጥ ነው። እናንተ ይሄን አልከፈታችሁም?»

«አልከፈትንም።»

«ሌሎቹንስ? ከዚህ በፊት በየመንደሩ ያሉትን?»

«አንድም።»

ልጅቱ የያዘችውን ዕቃ ከፍቶ አየ። ከመጀመሪያዋ ዱላ በቀር ምንም የላትም። ጎራዴው፣ ጋሻው፣ የቁስል መድኃኒቱ ሁሉ በየሰው ቤት ሳጥን ውስጥ ነው የሚገኘው፤ ለካ ሁሉም ተጫዋች እየገባ እየከፈተ ነው የሚሄድ። እኛ በባዶ እጅ፣ ስንወድቅ እየተነሳን፣ በዱላ ብቻ ነው እዚያ የደረስነው። ሰውዬው የጎረቤቱን ባለሱቅ ጠርቶ «ና እይ፣ ና እይ» አለው። ሁለቱም ስክሪኑን እያዩ ይስቁ ጀመር።

«ለምን?» አለኝ ዞሮ።

«በእኛ ሥራ ሳጥን የከፈተች ሌባ ተብላ ወደ አገሯ ትባረራለች» አልኩት።

መሳቁን ተወ። ቁልፉን እንዳገኘ ጨዋታውን ሚሞሪዋ ላይ ሊያስቀምጥልኝ እጁን ሲዘረጋ ነቅዬ ያዝኳት። ልጅቱ የእሱ አልነበረችም፤ እሱ እንዲጨርስልን አልመጣሁም። «ከበሩ ወዲያ የቀረው ትንሽ ነው» አለኝ ስወጣ። ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ እንዳለ ወደ ቡሪ ተመለሰ።

ተሳስተሻል የሚለኝ ካለ ግን አልቀበልም። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች ናቸው ማሰብ የነበረባቸው። ተጫዋች ሁሉ የሰው ቤት ገብቶ ሳጥን ይበረብራል ብለው ሲሠሩ፣ አንድም ቀን «የማይከፍትስ ቢኖር?» ብለው አልተጠያየቁም? ሳጥኑን ያኖሩት የሰው ቤት ውስጥ፣ ባለቤቲቱ እያየች ነው! ውሰጂው ብላ ብትሰጠን ምን ነበረበት? ምናልባት በእንግሊዝኛ ብላ ይሆናል። እንዲያም ከሆነ እኛ በምን እንወቅ?

የመጨረሻው ጁምዓ ደረሰ። እታለም ሻንጣዋን አስራ ጥግ አስቀምጣዋለች። ሴቶቹን ሰብስቤ የሆነውን ነገርኳቸው። ከጎንደር ልጆች አንዷ «ታዲያ ክፈቺውና እንለፍ፣ ጌም ነው እኮ» አለች።

«ጌም መሆኑን አውቃለሁ» አለች እታለም። «እጄ ነው የማያውቀው።»

ጆይስቲኩን ወስዳ ልጅቱን ኮረብታው ላይ አወጣቻት፣ ቤት አስገባቻት፣ ልብስ ሰፊዋ ፊት አቆመቻት። የጆይስቲኩን አዝራር ተጫነች፤ ሴትየዋ ያንኑ የማናነበውን ቃሏን ተናገረች። እታለም እንደገና ተጫነች። ያው ቃል መጣ። ደግማ ደጋግማ ጠየቀቻት።

«አልከለከለችም» አልኳት።

«ፍቀጅልኝ ስላት መፍቀዷም አልገባኝ» አለች። ከዚያ ጆይስቲኩን እጄ ላይ አኖረችው። «አንቺ ክፈቺው። እኔ ቆሜ አያለሁ። ከቁልፉ በቀር ምንም እንዳልወሰድሽ ምስክርሽ ነኝ።»

እውነቴን ነው፣ ተነስታ ቆመች። እኔም ከፈትኩት፤ ቁልፉን አወጣሁ። ሁለተኛው ሳጥን አጠገቡ ነበር። አንዷ «ያንንስ?» ስትል እታለም «እሱን ተይው» አለቻት፣ ተውነው። በሩ ተከፈተ። ከዚያ ወዲያ በየተራ ወደቅን፣ ተነሳን፣ ያችን ዱላ ይዘን ገፋን። የከሰዓት በኋላው የዐስር ሰላት ሊደርስ ሲል መርከቡን አገኘነው፤ ፊልሙም መጣ፣ ያልተቆረጠ። እናትየዋ ከጭጋጉ ወጣች፤ ልጅቱ ዱላዋን ጣለች። እልል የምንል መስሎኝ ነበር፤ ማንም እልል አላለም። እታለም በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና አለቀሰች፣ እኛም ተከተልናት።

ስትረጋጋ «ደረሰች። አልሐምዱሊላህ» አለች። ፊቷን ጠርጋ ሻንጣዋን ትነካካ ጀመር።

ያኔ ነው ደሜ የፈላው። ለአንዲት የማላውቃት የስክሪን ልጅ መጨረሻ ብዬ ድልድይ ስሻገር፣ ሱቅ ደጅ ስቆም ከርሜአለሁ፤ እታለምን ግን መጨረሻዋን ቆርጠው ሰጥተዋት፣ እኔ አምባሩ መገኘቱን እያወቅሁ ሻንጣዋን ሳስር ሰነበትኩ። ማን ይናገር የነበረ ይባላል፤ የነበረውስ ገፊሩ ነው፣ ጠርቶ የነገረኝ።

«ተነሽ» አልኳት።

«ወዴት?»

«ሪያድ። ያላ።»

እጇን ይዤ ረክሻ በሚሉት ባጃጅ ውስጥ አስገባኋት። መንገድ ላይ «ተይኝ፣ ሥራሽን ታጫለሽ» አለችኝ። የእኔ እመቤት እታለምን ካባረረቻት ሴት ጋር ትጠያየቃለች፤ እውነቷን ነበር። ፈርቻለሁ፤ ግን አልተመለስኩም።

የቀድሞ አሠሪዋ ግቢ በጁምዓ እንግዳ ተሞልቷል። ገፊሩ እታለምን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። «እመቤቲቱን ጥራልን» አልኩት። ወጣች፣ ሽቶዋ እየቀደማት። እታለምን ስታይ ፊቷ ተለወጠ።

«ምን ፈለጋችሁ? ሥራ የለም።»

«ሥራ አይደለም» አልኳት። «አምባርዎ ተገኝቷል። ይህንኑ በገፊሩ ፊት ይበሉልን።»

«አሁን እንግዳ አለብኝ፤ ሌላ ቀን ኑ።»

«እንጠብቃለን። እዚሁ በሩ ላይ እንቆማለን። ለሚገባውም ለሚወጣውም እኛው እንነግረዋለን።»

አንድ ነጭ መኪና ሌሎች እንግዶች ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ሴትየዋ መኪናውን አየች፣ እኔን አየች። እኔ ኦምዱርማን ሱቅ በር ላይ እንደቆምኩት ቆሜአለሁ። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለገፊሩ «አምባሩ ቤት ውስጥ ነው የተገኘው» አለችው።

«ማን ወሰደው?» አለች እታለም። ከመጣን የመጀመሪያ ቃሏ ነበር።

ሴትየዋ ከንፈሯን ነከሰች። «ማንም አልወሰደው። አንቺ አልወሰድሽም። ኸላስ?» አለችና ተመልሳ ገባች። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፏ አልወጣም፤ እኛም አልጠየቅናትም።

እታለም ወደ ገፊሩ ዞረች።

«ሰምተሃል?»

ሽማግሌው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። «ሰምቻለሁ፣ ወላሂ። ለጠየቀኝ ሁሉ እናገራለሁ።»

ረክሻው ቆሞ ይጠብቀን ነበር። እታለም ገብታ ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች። ወደ ቡሪ ስንታጠፍ እጄን ያዘችና «አሁን እሄዳለሁ» አለችኝ።